ከዋንዛ የተሠራ የሽግግር ቀፎ በጅማ ጓሮ፦ የ16 ወር ልምድ

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ከዋንዛ ጣውላ የተሠራ አንድ የሽግግር ቀፎ ገዝቼ፣ ጅማ ውስጥ በጅሬን አቅጣጫ በሚገኘው ግቢያችን ጓሮ፣ በቡናውና በእንሰቱ መካከል አስቀመጥኩት። ይህን የምጽፈው በጥር 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በእነዚህ 16 ወራት ቀፎው አንድ ሙሉ ክረምት፣ ሁለት የግራዋ አበባ ወቅትና ሦስት የማር ቆረጣ አይቷል። ንብ ሳይኖርበትና ዝናብ ሳይመታው ስለ ቀፎ መናገር ተገቢ መስሎ ስላልታየኝ እስካሁን ቆየሁ።

የሽግግር ቀፎ ዛፍ ላይ በሚሰቀለው ባህላዊ ቀፎና እንጀራው በሚነሱ የእንጨት ፍሬሞች ውስጥ በሚሠራበት በባለፍሬሙ ሣጥን መካከል ያለ ዓይነት ነው። የእኔው የኬንያው ዓይነት የሚባለው ሲሆን፣ ንድፉ በኬንያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተዘጋጀ ነው። ቅርጹ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለ ገንዳ ይመስላል፤ ጎኖቹ ያዘነበሉ ስለሆኑ ንቦች እንጀራቸውን፣ ማለትም ማርና እጭ የሚያኖሩበትን የሰም ሥራ፣ ከግድግዳው ጋር እምብዛም አያጣብቁትም። በገንዳው አፍ ላይ 28 ቀጫጭን ጣውላዎች ጎን ለጎን ተጋጥመው ይደረደራሉ፤ እያንዳንዳቸው 48 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና 3.2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሊኖራቸው ይገባል። ንቦቹ ከእያንዳንዱ ጣውላ ሥር አንድ አንድ እንጀራ ያንጠለጥላሉ፣ ከጣውላዎቹ በላይ ደግሞ ክዳኑ ያርፋል።

የከፈልኩት 1,900 ብር ነበር። የጅማ አናጢዎች በበርጩማቸው የታወቁ ናቸው፤ የእኔም አናጢ በሙያው የሚታማ አይደለም። የማዕዘኖቹ አገጣጠም ዛሬም ድረስ አልላላም፣ ዋንዛውም አልተጣመመም። ጉድለቱ የታየው የላይኞቹ ጣውላዎች ላይ ነው። ሠሪው ስፋታቸውን በዓይን ግምት ስለቆረጣቸው አንዳንዶቹ 3 ሴንቲ ሜትር፣ አንዳንዶቹ 3.6 ሴንቲ ሜትር ሆነው ነበር፤ እኔም ስረከብ አልለካኋቸውም። የሀገራችን ንብ በሁለት እንጀራ መካከል የምትተወውን ርቀት በሚገባ የምታውቅ ፍጥረት ናት። ጣውላው ከልኳ ሲሰፋ ወይም ሲጠብ እንጀራዋን በራሷ ስሌት ታስኬደዋለች እንጂ ለጣውላው አትታዘዝም። በኅዳር ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ስከፍተው፣ ከሰባተኛው ጣውላ ጀምሮ ያሉት እንጀራዎች ከሁለትና ከሦስት ጣውላ ጋር ተጣብቀው አግድም ሄደው አገኘኋቸው። አንዱን ማንሳት ሌላውን መቅደድ ማለት ሆነ። የተጣመሙትን በቢላ ቆርጬ፣ እጭ ያለባቸውን በእንሰት ቃጫ ከትክክለኛው ጣውላ ጋር አሰርኳቸው። ንቦቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰሙን መልሰው ካጣበቁ በኋላ ቃጫውን በመንጋጋቸው እየበጣጠሱ በበሩ ወደ ውጭ ጣሉት። ጣውላዎቹን ለሌላ አናጢ ሰጥቼ እየላገ እንዲያስተካክላቸው ያስከፈለኝ 150 ብር ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ የተበላሸው የእጭ እንጀራ ግን ገና ለጀመረ ኅብረ ንብ ትንሽ አልነበረም።

ንቡን አልገዛሁትም። በእያንዳንዱ ጣውላ ሥር መሐል ለመሐል የቀለጠ ሰም በቀጭኑ ቀባሁ፣ የውስጡን ግድግዳ በጠጅ ሳር አሸሁት፣ በወይራም አጠንኩት። የጠጅ ሳር ሽታ ንቦች ጓደኞቻቸውን ለመጥራት ከሚያመነጩት ሽታ ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ የአባቶቻችን ልማድ ከንቧ ጠባይ ጋር የገጠመ ነው። በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ዋንዛው ነጭ አበባውን ባፈካበት ሰሞን፣ ከላይ እንደ ደመና የመጣ መንጋ በበሩ ገባ። ከዚያ በፊት ሦስት ቀን ያህል ጥቂት ንቦች እየመጡ ቀዳዳዎቹን ሲመረምሩ አይቼ ነበርና ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ሆኖም ሲገቡ ሳይ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም።

ይህን ቀፎ ከሌሎቹ አስበልጬ እንድወደው ያደረገኝ አከፋፈቱ ነው። አባቴ በጅማ ዞን በምትገኘው በጌራ በኩል ዛፍ ላይ የሚሰቅላቸው ቀፎዎች ነበሩት። ማር የሚቆረጠው በሌሊት፣ በገመድ ተወጥቶ፣ በችቦ እሳት ነበር፤ ከማሩ ጋር እጩም፣ አንዳንድ ጊዜም አውራዋ ሳትቀር ትጠፋ ነበር። ባለፍሬሙ ሣጥን ደግሞ ክዳኑ ሲነሳ ቤቱ በሙሉ ስለሚገለጥ ንቡ በአንድ ጊዜ ይነሳል። በሽግግር ቀፎው ግን ጣውላዎቹ ራሳቸው ጣሪያ ናቸው። ከኋላ በኩል ሁለት ባዶ ጣውላ አውጥቼ፣ በዚያው ክፍተት ውስጥ አንዱን እያነሳሁ፣ እያየሁ፣ መልሼ እየገጠምኩ ወደ ፊት እሄዳለሁ፤ ከእጄ በታች ካለችው ጠባብ ክፍተት በስተቀር የቀረው ኅብረ ንብ ጨለማው ውስጥ ሥራውን ይሠራል። የማጨሻው ጭስም ጥቂት ይበቃዋል። የሀገራችን ንብ ቤቷን በብርቱ የምትከላከል መሆኗን ለሚያውቅና ጎረቤቱ በአጥር ማዶ ለሚኖር ሰው፣ ይህ ከማሩ ብዛት በፊት ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው።

ይህንን በተግባር የተማርኩት በስህተቴ ነው። በየካቲት 2016፣ ቡናው ሊያብብ በተቃረበበት ሰሞን፣ ፀሐዩ በጠነከረበት ቀትር ላይ ቀፎውን ከፈትኩ። ማር የሞላውን አንድ አዲስ እንጀራ አንስቼ የጀርባውን ለማየት ጣውላውን ወደ ጎን ጋደም አደረግሁት። ፍሬምና ሽቦ የሌለው አዲስ ሰም በሙቀት ለስልሶ ስለነበር ከሥሩ ተገምሶ ቀፎው ውስጥ ወደቀ። ማሩ ንቦቹን አጥለቀለቀ፤ አንዲት ንብ ስትናደፍ የምትለቀው የበሰለ ሙዝ የሚመስል ሽታም ሌሎቹን ጠራ። ዓይነ ርግብና ጓንት ስለነበረኝ እኔ ብዙም አልተጎዳሁም፤ ነገር ግን በአጥር ማዶ ያሉት አዛውንት ጎረቤታችን ቡና እየቆሉ ሁለት ጊዜ ተነደፉ። «ልጄ፣ ንቡን አልጠላሁትም፤ ስትከፍተው ግን ንገረኝ፣ እኔም በሬን ልዝጋ» አሉኝ። እኔም «እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከእንግዲህ ሳልነግርዎ አልነካውም» አልኳቸው፤ ቃሌንም ጠብቄአለሁ። ከዚያ ወዲህ የምከፍተው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከብትና በግ በረት ከገባ በኋላ ብቻ ነው። እንጀራውን ሳነሳም እንደተንጠለጠለ ወደ ታች ቀጥ አድርጌ፣ በጣውላው ጫፍ ላይ እንደ በር አዙሬ አየዋለሁ እንጂ አላጋድመውም። ከበሩ ፊት ለፊት ያለውን የግራዋ አጥርም ከሰው ቁመት በላይ እንዲያድግ ተውኩት፤ ንቦቹ ከበሩ እንደወጡ ሽቅብ ስለሚበሩ መንገደኛውን አይነኩትም።

ስለ ማሩ በዝርዝር ልጻፍ። የመጀመሪያውን የቆረጥኩት በጥር 2016 ከግራዋ አበባ በኋላ ሲሆን፣ ሦስት እንጀራ ብቻ ወስጄ 4 ኪሎ የተጣራ ማር አገኘሁ። የግራዋ ማር ጠቆር ያለና በጉሮሮ ላይ ጥቂት ምሬት የሚተው ነው፤ እኔ ይህን ጣዕም እወደዋለሁ። ከእርሱ አንድ ኪሎ ለጎረቤታችን ሰጠኋቸው፤ በመጋቢት በዋለው የረመዳን ጾም ለማፍጠሪያ ብርዝ አደረጉት። የቡና አበባ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ከዝናቡ በኋላ ከሳምንት በላይ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ይፈነዳና በሁለት ሦስት ቀን ይረግፋል፤ በእነዚያ ቀናት ንቡ እብድ ይመስላል፣ ነገር ግን ያመጣውን አብዛኛውን የሚያውለው ለራሱና ለእጩ ምግብ ነው። ዋናው ቆረጣ በሰኔ መጀመሪያ፣ ብሳናው ካበበ በኋላ የነበረው ነው፤ ዘጠኝ እንጀራ፣ 11 ኪሎ የተጣራ ማር። በዚህ ወር የቆረጥኩት ሦስተኛው 6 ኪሎ ሆኗል። ከበለጠ-ጌራ ጫካ የሚመጣው፣ ጌተም ከሚባለው ዛፍ አበባ የሚገኘው ነጭ ማር ግን ከከተማ ጓሮ አይጠበቅም፤ ዛፉ በአካባቢዬ የለም።

የምቆርጠው ከእንጀራው ሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው በሰም የተከደነውን ብቻ ነው። ያልተከደነ ማር ውኃው ስለሚበዛ ይቦካል፤ ጥሩ ማር የውኃ መጠኑ ከ20 በመቶ ማለፍ የለበትም። እዚህ ላይ ቀፎው አንድ ዕዳ አለበት፤ ማሩ የሚወጣው ከነሰሙ ተቆርጦ ስለሆነ ንቦቹ እንጀራውን እንደገና መሥራት አለባቸው። አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር እንደሚፈጁ ይነገራል። ባለፍሬም ቀፎ በዚህ ይበልጣል፤ ሆኖም እርሱ የማር ማውጫ ማሽንና በፍሬሙ ውስጥ ለእንጀራው መነሻ የሚገጠም የታተመ ሰም ይፈልጋል፣ ለአንድ ቀፎ ያንን ሁሉ መግዛት ደግሞ አያዋጣም። እኔ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልዬ፣ ሰሙን አቅልጬ አስቀምጣለሁ።

ክረምቱ ቀፎውን ክፉኛ ፈትኖታል። የጅማ ዝናብ ለሀገሩ ሰው የሚነገር አይደለም። ከቀፎው ጋር የተሰጠኝ የቆርቆሮ ክዳን ከጣውላዎቹ እኩል የሚያልቅ ስለነበር ውኃው በጠርዙ እየዞረ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር፤ በሐምሌ አጋማሽ ከኋላ ያሉት ባዶ ጣውላዎች ሻግተው አገኘኋቸው። ክዳኑን በየጎኑ አንድ ስንዝር ያህል የሚያልፍ ቆርቆሮ አስመታሁበት፣ በቆርቆሮውና በጣውላዎቹ መካከል የደረቀ የእንሰት ቅጠል ደልድዬ አነጠፍኩ፣ ቀፎውንም ወደ በሩ በኩል ጥቂት አዘነበልኩት፤ የገባው ውኃ እንዲወጣ። የእንሰት ቅጠሉ በክረምት እርጥበቱን፣ በበጋ የቆርቆሮውን ሙቀት ይከላከላል። ንቡ የያዛቸውን እንጀራዎች ብቻ ወደ ፊት ሰብስቤ ከኋላቸው መከለያ ሰሌዳ ማስገባቴም ቤታቸውን ጠበብና ሞቅ ያለ አድርጎላቸዋል። በነሐሴ ከመከለያው ኋላ አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጬ፣ እንዳይሰምጡ ሰንበሌጥ ጣል አድርጌበት፣ ቅመም የሌለው ሽሮም ጨምሬ መገብኳቸው። አልኮበለሉም። በሠፈሩ ባህላዊ ቀፎ ያላቸው ሁለት ሰዎች በዚያው ክረምት ንባቸው ጥሏቸው ሄዷል።

ጉንዳንን በተመለከተ፣ የመቆሚያውን አራት እግሮች የተቃጠለ የሞተር ዘይት በያዘ ጣሳ ውስጥ ማቆም በቂ ሆኗል። ሣር አድጎ መቆሚያውን ከነካ ግን ጉንዳኑ በሣሩ ድልድይ ይሻገራል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ እጨደዋለሁ።

ሁለተኛ ቀፎ ለዚያው ለመጀመሪያው አናጢ አዝዣለሁ፤ ስለ ጣውላዎቹ ስነግረው ሳይከፋው ተቀብሎኛልና። በዚህ ጊዜ ግን 3.2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት አንዲት ጣውላ አስልጌ ለናሙና ሰጥቼዋለሁ፤ እያንዳንዱን በእርሷ እየለካ እንዲቆርጥ፣ ክዳኑንም በየጎኑ በስንዝር እንዲያሳልፈው ተስማምተናል። ውስጡን ቫርኒሽ እንዳይቀባውም ሁለት ጊዜ ነገርኩት። ቡናው ሳያብብ፣ የካቲት ከመጋመሱ በፊት እረከበዋለሁ፤ ጠጅ ሳሩ ከወዲሁ በአጥሩ ሥር አቆጥቁጧል።