ዞምቢ፦ የፌላ ኩቲ ሸክላ በጅማ

ጅማ ሂርማታ አካባቢ ካለ አነስተኛ ሙዚቃ ቤት የገዛሁት ይህ ዳግም የታተመ ሸክላ፣ የናይጄሪያው ፌላ ኩቲ የዮሩባን ሕዝብ ምት ከሃይላይፍ (ከምዕራብ አፍሪካ የጭፈራ ሙዚቃ) እና ከጃዝ ጋር አዋህዶ የወታደሩን ጭፍን ታዛዥነት የሸነቆጠበት፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የወጣ ሥራ ነው። ዋናው ዘፈን ከ12 ደቂቃ በላይ ስለሚዘልቅ፣ በእኛ ቤት ከአቦል እስከ ቶና ያደርሳል፤ ሳክስፎኑም ጥርት ብሎ ይሰማል። የሠዓሊው ለሚ ጋሪዮኩ ሽፋን ራሱን የቻለ ክስ ነው፤ የሚያሳዝነው የእኔው ቅጂ ወረቀት ሳስቶ ጠርዙ መላላጡ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1977 ወታደሮች የፌላን ግቢ ወርረው፣ ለሴቶች መብት የታገሉትን እናቱን ፉንሚላዮን በመስኮት እንደ ወረወሯቸውና እሳቸውም በዓመቱ እንዳረፉ ለሚያውቅ አድማጭ፣ የመለከቶቹ ጩኸት ሌላ ክብደት አለው። ዋጋው ቢከብድም አልቆጨኝም።