ኦርኪድ አይዲ፣ ከሞክሼዬ የገላገለኝ የተመራማሪ መለያ ቁጥር

ወይ ጉድ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ሳይቴሽን (ፔፐርህ በሌሎች ፔፐሮች የተጠቀሰበት ብዛት) ተሸክሜ ስዞር ነበር እኮ። አንዱ ሳይቴሽን ቆጣሪ ሳይት፣ ስሙ ይቅር፣ ከአንድ ሞክሼዬ የልብ ቀዶ ሐኪም ጋር ደባልቆኝ ኤች ኢንዴክሴን 19 አድርጎት ነበር፣ ሲጣራ የራሴ 7! እኔ የምሠራው ወባ ላይ ነው፣ የልብ ቫልቭ የት አውቄ። ለማያውቅ፣ ኤች ኢንዴክስ 7 ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 7 ጊዜ የተጠቀሱ 7 ፔፐሮች አሉህ ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ሆርሄ ሂርሽ የሚባል ፊዚሲስት ያመጣው ነገር ነው፣ ሪቪው (የሌሎችን ጥናት የሚያጠቃልል ጽሑፍ) ብቻ የሚጽፈውና ከላቦራቶሪ የማይወጣው ሰው በአንድ ሚዛን መመዘናቸው ግን እስካሁን አይዋጥልኝም።

ወደ ኦርኪድ ስመጣ፣ ነጻ ነው፣ ባለ 16 ዲጂት ቁጥር ይሰጥሃል፣ መጨረሻው ላይ ኤክስ ልትመጣ ትችላለች፣ ስህተት መስሎህ እንዳትደነግጥ። ፔፐር ሰብሚት ስታደርግ ቁጥሯን ካስገባህና አውቶ አፕዴት ከፈቀድክ ብዙ ጊዜ ሥራህ ራሱ መጥቶ ይገባል፣ የድሮዎቹን ግን አንድ በአንድ ስጨምር ቅዳሜዬ አለቀ። ሳይቴሽን አይቆጥርም፣ ለሱ ሌላ ቦታ መሄድ ግድ ነው፣ ገጹም ደረቅ ነው። 4 ኮከብ ሰጥቻለሁ፣ ሞክሼዬም ይመዝገብልኝ እባካችሁ።