ሶኒ 200-600፦ ሩቅ ላለ ነገር ዛሬም የምመርጠው ሌንስ

ረጅም ሌንስ ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የሌንሱ የትኩረት ርቀት በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በጨመረ ቁጥር ሩቁን ያቀርባል። 400 ይበቃኛል? 600 ይሻላል? 800ስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ቁጥር ብቻውን ሌንስ አያስመርጥም። 600 ሚሊ ሜትር የሚደርሱ ሌንሶች ብዙ ናቸው። እኔ ከመሃላቸው የሶኒን 200-600 የማስበልጠው፣ ሩቅ ያለውን ነገር ቶሎ አግኝቼ ሳያመልጠኝ ስለማነሳበት ነው። ወፍ አይጠብቅም።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ሌንሱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ለሶኒ ኢ ማውንት (የሶኒ የሌንስ መግጠሚያ) ካሜራዎች የተሠራ ሲሆን ፉል ፍሬም ሴንሰርን፣ ማለትም ምስሉ የሚያርፍበትን ትልቅ ብርሃን ተቀባይ፣ ይሸፍናል። አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) 200 ላይ ኤፍ/5.6፣ 600 ላይ ኤፍ/6.3 ነው። ክብደቱ ያለ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) መያዣው 2.1 ኪሎ ገደማ ነው። ካሜራው ሲገጠምበት ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህ ሌንስ ዙም ሲደረግ አይረዝምም። የሚንቀሳቀሰው የውስጡ መስታወት ብቻ ነው። ሲያዩት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሥራ ላይ ግን ትልቅ ልዩነት አለው። የሚረዝም ሌንስ ዙም በተደረገ ቁጥር ክብደቱ ወደፊት ይሄዳል፣ ስለዚህ ትራይፖድ ላይ አስተካክላችሁ ያቆማችሁት ካሜራ ወደፊት ማዘንበል ይጀምራል፣ በእጅ ከያዛችሁትም የግራ እጃችሁ ቦታ መቀየር አለበት። ይሄኛው ከ200 እስከ 600 ሚዛኑን አይለቅም ለማለት ይቻላል። የዙም ቀለበቱም ለስላሳ ነው፣ መዞሪያውም አጭር ነው። እጅን ሳይቀያይሩ በአንድ ጥምዘዛ ዳር እስከ ዳር ይደርሳል።

ይህን ያህል የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። 600 ላይ ካሜራው የሚያየው 4 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ሰማይ ላይ የሚዞር ንስር በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ፈልጎ ማግኘት ለጀማሪ ከባድ ነው፤ በዓይናችሁ እያያችሁት በካሜራው ባዶ ሰማይ ብቻ ትቃኛላችሁ። መፍትሔው 200 ላይ አግኝቶ፣ ፎከስ አስይዞ፣ ከዚያ ወደ 600 መግባት ነው። ቀለበቱ ብዙ የሚዞር ከሆነ ይህ ሁሉ ሲሆን ንስሩ ሄዷል። በዚህ ሌንስ ግን ነገሩ የእጅ ልማድ ሆኖ ይቀራል። ለበራሪ ወፍ ከጥራቱም በላይ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ጥራቱስ? ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ። 600 ላይ አፐርቸሩን ሙሉ ከፍቶ ማንሳት ምንም አያስፈራም። የላባው ዝርዝር ይወጣል። እዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም።

600 ግን የሚታሰበውን ያህል ሩቅ እንዳልሆነ ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ሙሉ ጨረቃን በ600 ብታነሱ ሴንሰሩ ላይ የምታርፈው 5.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆና ነው። የፉል ፍሬም ሴንሰር ቁመት 24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ጨረቃዋ ሩቡን እንኳ አትሞላም። ከ400 ወደ 600 ስታድጉ ወፏ ላይ የሚያርፈው ፒክስል 2.25 እጥፍ ይሆናል፤ ይሄ ትልቅ ጭማሪ ነው። ርቀቱን በግማሽ ብትቀንሱ ግን 4 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቀስ ብሎ መጠጋት፣ ተደብቆ መጠበቅ፣ ወፏ የምታርፍበትን ቅርንጫፍ ማወቅ ከየትኛውም ሌንስ ይበልጣል። ለእንስሳው ግን እንጠንቀቅለት። ጎጆ ላይ ያለች ወፍን አስደንግጦ የሚገኝ ፎቶ ቢቀር ይሻላል።

አየሩንም አትርሱ። ፀሐይ ወጥታ መሬቱ ሲሞቅ ከመሬት የሚነሳው ሞቃት አየር ብርሃኑን ያጣምመዋል፣ እናም ሩቅ ያለው ነገር የሚንቀጠቀጥና የቀለጠ መስሎ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ሌንሱ ብልሹ ነው ይላል። ሌንሱ ምንም አልሆነም። በሜዳ ወይም በአስፋልት ላይ አሻግራችሁ እኩለ ቀን ላይ ብታነሱ የዓለም ውዱ ሌንስም አያድናችሁም፤ እንዲያውም ሌንሱ በረዘመ ቁጥር ችግሩ ጎልቶ ይታያል። ማለዳ ውጡ፣ ወይም ደመናማ ቀን ምረጡ። መኪና ውስጥ ሆናችሁ የምታነሱ ከሆነ የውስጡና የውጪው ሙቀት እስኪመጣጠን መስኮቱን ከፍታችሁ ጠብቁ።

የብርሃን ነገር የዚህ ሌንስ እውነተኛ ድክመት ነው። ኤፍ/6.3 ጠባብ ነው። የሚበር ወፍ ለማስቆም የሹተር ፍጥነቱ (ሴንሰሩ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/2000 ሰከንድ አካባቢ መሆን አለበት፤ በማለዳ ብርሃን ይህን ካላችሁ አይኤስኦው (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት መጠን፤ ሲበዛ ፎቶው ይሻክራል) በቀላሉ 6400 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የሌንሱ ማረጋጊያ የእጃችሁን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል እንጂ የወፏን ክንፍ አያቆምም። የሶኒ 600 ኤፍ/4 ከዚህኛው 2.5 እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ግን 3 ኪሎ ነው፣ ዋጋውም የዚህን ብዙ እጥፍ ነው። ለእንጀራው ፎቶ ለማያነሳ ሰው ያን ሌንስ ግዛ ለማለት አልደፍርም።

ቴሌኮንቨርተር፣ ማለትም በሌንሱና በካሜራው መሃል ገብቶ የትኩረት ርቀቱን የሚያበዛ ተጨማሪ መስታወት፣ ይቀበላል። 1.4 እጥፉ ሲገባ 840 ሚሊ ሜትር በኤፍ/9 ይሆናል፤ ብርሃን ጥሩ ከሆነና ወፏ ካረፈች ይሠራል። 2 እጥፉ ግን 1200 በኤፍ/13 ነው። ለጨረቃ ካልሆነ አልመክረውም።

ተፎካካሪዎቹን ሳይነኩ ማለፍ ደግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሲግማ 150-600 ስፖርትስ በጥራት አያንስም። 150 ላይ እስከ 58 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይጠጋል፣ ይህም ለቢራቢሮና ለአበባ ደስ ይላል፤ ሶኒው ከ2.4 ሜትር በታች ፎከስ አያደርግም። ነገር ግን ሲግማው ዙም ሲደረግ ይረዝማል፣ በሶኒ ካሜራ ላይ በሰከንድ ከ15 ፎቶ አያልፍም፣ ቴሌኮንቨርተርም የለውም። የታምሮን 150-500 ያለ መያዣው 1.7 ኪሎ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ በእግር የምትጓዙና ክንዳችሁን የሚያዝል ነገር የማትፈልጉ ከሆነ፣ ቆም ብዬ አስቤበትም ቢሆን፣ ከሶኒው ይልቅ እሱን እላችኋለሁ። 100 ሚሊ ሜትር መቅረቱ ያናድዳል፤ ቤት የተተወ ሌንስ ግን ምንም አያነሳም።

ሌላ ካሜራ ያላችሁ ደግሞ ለዚህ ሌንስ ብላችሁ ካሜራ አትቀይሩ። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ዜድ 180-600 ልክ እንደዚህኛው ሳይረዝም ዙም የሚያደርግ ነው፣ ክብደቱም ትንሽ ይቀንሳል። ካኖን ያላችሁ አርኤፍ 200-800 አላችሁ፤ ርቀቱ አስደናቂ ነው፣ 800 ላይ ግን አፐርቸሩ ኤፍ/9 ይሆናል። ሸክም ለማይፈልግ ደግሞ የካኖን 800 ኤፍ/11 1.26 ኪሎ ብቻ ነው። ዙም የለውም፣ አፐርቸሩም አይቀየርም፣ ፀሐይ ባለበት ግን ጥሩ ይሠራል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር። የሶኒው የትራይፖድ እግር ከአርካ ስዊስ (ብዙ ትራይፖዶች ላይ ያለ የመግጠሚያ ዓይነት) ጋር አይገጥምም፤ ወይ መግጠሚያ ሳህን ታስሩበታላችሁ ወይ እግሩን በሌላ ትቀይራላችሁ። ያን ወጪ ከወዲሁ አስቡት። ከተቻለ ደግሞ ሌንሱን ተውሳችሁ ወይም ተከራይታችሁ አንድ ማለዳ ሙሉ በእጃችሁ ያዙት። ክንዳችሁ ካልቻለው ሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር መቆሚያ) ጨምሩ።

በማታ መብራት ኳስ ለማንሳት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ግን ይሄን አትግዙ። እዚያ ኤፍ/6.3 አያዋጣም፤ ሜዳው ዳር መቆም ከተፈቀደላችሁ 70-200 ኤፍ/2.8 ይሻላችኋል።