ያገለገለ ቴክኒክስ ሸክላ ማጫወቻ፦ ስለ ዕቃውም ስለ ሻጩም

ያገለገለ የድምፅ ዕቃ ገዝቶ አትርፎ የሚሸጥን ሰው “አየር በአየር ነጋዴ” እያሉ የሚያጣጥሉ ብዙ ናቸው። እኔ በጅምላ አልፈርድም። ትርፉ ከየት እንደመጣ ነው የማየው። ይህን ማጫወቻ ስገዛም ያየሁት እሱኑ ነው።

ዕቃው ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ኤምኬ2 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ሞዴል። ቀበቶ የለውም፤ ሞተሩ ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን በቀጥታ ነው የሚያዞረው። ስለዚህ ከዕድሜ ብዛት የሚላላ ጎማ የለም። የሚያረጁት ሌሎች ክፍሎች ናቸው፦ መርፌውን የሚይዘው ክንድ ኩሽኔታ፣ የፍጥነት ማስተካከያው፣ ወደ አምፕሊፋየር የሚሄደው ገመድ። በተለይ ዲጄ እጅ ላይ የኖረ ከሆነ እነዚህ ናቸው መታየት ያለባቸው።

ሻጩ የሠራውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ገመዱን ቀይሯል፤ አሮጌውንም በፌስታል አድርጎ አስረከበኝ። የፍጥነት ማስተካከያውን ፈትቶ አጽድቷል። ክዳኑ ላይ ያለውን ጭረት ሳልጠይቀው አሳየኝ። ክንዱን በሁለት ጣት ይዤ ቀስ ብዬ ነቀነቅኩት፤ አይላላም። ማስተካከያውን ዜሮ ላይ አድርጌ ስከፍተው በሳህኑ ጠርዝ ካሉት ነጥቦች ትልልቆቹ በቀዩ መብራት ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ፍጥነቱ ልክ ነው ማለት ነው። የፒያኖ ሸክላ አደረግኩበት፤ ረጅሞቹ ድምፆች ሳይዋዥቁ እስከ መጨረሻው ይዘልቃሉ። በዚህ በኩል እንከን አላገኘሁበትም።

መርፌ ግን አብሮ አልሸጠልኝም። “የነበረው ምን ያህል እንደተጫወተ አላውቅም፤ አዲስ ይግዙ” አለኝ። ያለቀ መርፌ ሸክላ ይፈጫል፤ የተጎዳ ሸክላ ደግሞ አይድንም። ዝም ብሎ ገጥሞ ዋጋ መጨመር ይችል ነበር። አላደረገውም።

በጣም የወደድኩት ግን ሌላ ነገር ነው። ማጫወቻውን የገዛው የሟች አባታቸውን ቤት ዕቃ ከሚያወጡ ልጆች ነው። የተፈራረሙበትን ወረቀት ስማቸውን ሸፍኖ አሳየኝ። ተጠግኖ ሲሸጥ እጥፍ ዋጋ ሊያወጣ እንደሚችል እንደነገራቸው ከፊርማቸው በላይ ተጽፏል። እነሱም ጥገናውንም ገዢ ፍለጋውንም አንችልም ብለው ሸጡለት። እንዲህ ያለው ትርፍ የላብ ዋጋ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም።

“እውቀቴን ለምን በነጻ እሰጣለሁ?” የሚል ነጋዴ አለ። ከሌላ ነጋዴ እሱ ራሱ የቆረጠውን ዋጋ ከፍሎ መውሰድ አንድ ነገር ነው፤ ያም ሰው ጠይቆ ማጣራት ይችል ነበር። ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ “ስንት ያወጣል?” ብሎ ሲጠይቅህ “አሮጌ ነው፣ ቦታ ከሚይዝባችሁ ልውሰድላችሁ” ማለት ግን ማታለል ነው። አምነው የጠየቁህን ሰዎች ነው የበላኸው። ከዚህ በፊት ያነጋገርኩት አንድ ሻጭ ይህንኑ እንደ ጀብድ አውርቶልኛል። አምፕሊፋየሩ ጥሩ ነበር፤ ትቼው ወጣሁ።

ሻጬን የምወቅስበትም አለ። ማስታወቂያው ላይ “ብርቅዬ” ብሎ ጽፏል። ይህ እውነት አይደለም። የ1200 ቤተሰብ በዓለም ላይ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ቆሞ የነበረ መሆኑ ያገለገሉትን ዋጋ ሰቅሎት ይሆናል፤ ግን ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና አዳዲስ ሞዴሎች ማውጣት ጀምሯል። ይህን የማያውቅ ጀማሪ “ብርቅዬ” የሚለውን አይቶ ሳይከራከር ይከፍላል። ጥገናውን በዚህ ልክ በሐቅ የጻፈ ሰው እዚህች ላይ ማጋነኑ ከነከነኝ። ነገርኩት፤ ቃሉን አነሳው።

ዋጋው ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ይላል። እኔ ከፍዬዋለሁ፣ አይቆጨኝም። ገመድ መበየድ ለሚችልና ቴስተር ቤቱ ላለው ሰው ያልተጠገነ ገዝቶ ራሱ ቢሠራው ይረክሳል። ለሌላው ግን ይህን ሻጭ አምናችሁ ሂዱ እላለሁ። ቀጣዩ ፍላጎቴ ስፒከር ነው። በስፒከር ደግሞ ዙሪያውን የሚይዘው ስፖንጅ ከዓመታት በኋላ ይፈረፈራል፤ መቀየሩንና በምን እንደተቀየረ እንደዚሁ ጽፎ ከሰጠኝ ከእሱው እገዛለሁ።