«ለምን 1 አላልሽም?» ላለችኝ ሲስተር

ስሜን አልጽፍም፤ ምክንያቱ ይገባችኋል። ኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሜ ያለው ከውልደቴ ጀምሮ ነው። አሁን 19 ዓመቴ ነው።

በፊት የምከታተልበት ቦታ (ስሙ ይቅር) ምክር ማለት ቁጣ ነበር። በሩ ወለል ብሎ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ፣ «መሞት ነው የምትፈልጊው?» ተብያለሁ። ክኒን ተቆጥሮ ትርፍ ከተገኘ ወዮልሽ! እኔም መላ አበጀሁ። የቀጠሮዬ ዋዜማ ማታ ትርፉን ክኒን ሽንት ቤት እደፋዋለሁ። በማግስቱ «ጎበዝ» እባላለሁ። የደም ምርመራው ሲመጣ ግን ቫይረሱ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1,000 በላይ፣ ማለትም ብዙ። ከዚያ እንደገና ቁጣ። በመጨረሻ መሄዱንም ተውኩት።

ጓደኛዬ ጎትታ ሌላ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሲስተር መጀመሪያ ያደረገችው በሩን መዝጋት ነው። አንቱ ስላት ሳቀችና «አንቺ በይኝ» አለች። ቀጥላ «ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጪው ብልሽ፣ መድኃኒቱን በየቀኑ መውሰድ አሁን ለአንቺ አስፈላጊነቱ ስንት ነው?» አለችኝ።

«3» አልኳት፣ አንገቴን ደፍቼ። ውርጅብኙን ጠበቅኩ።

«ለምን 1 አላልሽም?»

እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። ዝም አልኩ። እሷም ዝም። ሰዓቷን እንኳ አላየችም። ከዚያ ሁሉም ነገር ተዘረገፈ፦ ታናሽ ወንድሜ፣ ትምህርቴ፣ የወደድኩት ልጅ። እናቴን ሳነሳ አለቀስኩ። እሷን ያጣሁት ገና ሕፃን ሳለሁ ነው፤ ድምጿን እንኳ አላስታውስም። ሲስተር አይዞሽ ብላ አላቋረጠችኝም።

ምን እንደሚከብደኝ ስትጠይቀኝ «ድምፁ» አልኳት። አብረውኝ የሚያድሩት ልጆች ብልቃጡ ቦርሳዬ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ «ምንድን ነው እሱ?» ይላሉ። ለስንት ዓመት ያስጨነቀኝ ይሄው ነው፤ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። አልሳቀችብኝም። «አንቺስ ምን ቢደረግ ትያለሽ?» አለችኝ። አብረን አሰብን። ፋርማሲስቱን ጠየቀችልኝና ለየቀኑ ክፍል ባላት ትንሽ ሳጥን የሳምንቱን ብቻ መያዝ ጀመርኩ። አበቃ!

የምክሩ ዘዴ ስም አለው፤ ነግራኝ ነበር፣ አልያዝኩትም። 4 ጊዜ ተገናኘን። ከ3 ወር በኋላ በድጋሚ ስመረመር ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሆነ። መድኃኒቴን ሳላቋርጥ እንዲህ ከቆየሁ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለማንም እንደማላስተላልፍ ስትነግረኝ ሁለቴ አስደገምኳት። ያንን ልጅ አስቤ ነው፣ ምን ልደብቃችሁ!

እባካችሁ፣ እንደኔ ተሰድባችሁ የቀራችሁ ካላችሁ ወደ እሷ ሂዱ። ልጅ የምታሳድጉም ውሰዷቸው፤ ግን እናንተ ውጭ ጠብቁ። ስሟን በአደባባይ አልጽፍም፣ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ኧረ ሂዱ!

ሲስተርዬ፣ ይህን ካየሽው፣ ቁጥሩ አሁን 8 ነው። 10 ብዬ አልዋሽሽም።