የ70 ፔንስ ጎሚኒና የእማማ መብራት

ሰሜን ለንደን ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ አንድ ባለሱቅ ላመስግን። በዚያው ልጠቁማችሁ።

ነገሩ የጀመረው ከወጥ ቤቴ ቧንቧ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌሊቱን ጠብ፣ ጠብ ሲል እንቅልፍ አሳጣኝ። አንድ ትልቅ መደብር ሄጄ ጠየቅኩ። ልጁ ስልኩን አየት አደረገና “ቧንቧውን እንዳለ መቀየር ነው” አለኝ። 64 ፓውንድ፤ የሰራተኛው ዋጋ ሳይጨመር! እያጉረመረምኩ ስመለስ፣ አውቶብስ ከምጠብቅበት ፊት ለፊት ካለችው የቧንቧና የኤሌክትሪክ እቃ ሱቅ ጎራ አልኩ።

ከባንኮኒው ጀርባ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ትንንሽ መሳቢያ ነው። እያንዳንዱ መሳቢያ ፊቱ ላይ ጽሁፍ የለውም። ውስጡ ያለው እቃ ራሱ በሽቦ ታስሮበታል፦ እዚህ ብሎን፣ እዚያ ማጠፊያ። ባለሱቁ ሳያዩ እጃቸውን ሰደው አንዲት ጥቁር ጎሚኒ አወጡ። ከዚያ አሮጌ ቧንቧ ከስር አንስተው ባንኮኒው ላይ በካቻቢቴ እየፈቱ አሳዩኝ። “መጀመሪያ ዋናውን ውሃ ዝጊ። ይሄን ፍቺ። ያረጀውን አውጪ፣ ይሄን አግቢ። በቃ።” 70 ፔንስ ከፈልኩ። አንድ ትርፍ ጎሚኒ ምራቂ ጨመሩልኝ፤ የመጀመሪያዋን ማበላሸቴ እንደማይቀር ገብቷቸዋል። አልተሳሳቱም። ማታ ሁለተኛዋን ገጠምኩ። ጸጥ አለ።

ይሄ ከሆነ ስምንት ዓመት አለፈው። አሁን እኛ ሐበሾቹ “ጋሼ” ነው የምንላቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ቤተሰቡ ከኡጋንዳ ነው የመጣው። በፈረንጆቹ 1972 ኢዲ አሚን የኤዥያ ተወላጆችን በ90 ቀን ውስጥ አገሬን ልቀቁ ሲል፣ ወደ 28,000 የሚሆኑት እንግሊዝ ገቡ። ጋሼ ያኔ ትንሽ ልጅ ናቸው። አባታቸው ካምፓላ የነበረቻቸውን ሱቅ ከነእቃዋ ጥለው ወጡ። በስዋሂሊ ሱቅ “ዱካ” ይባላል አሉኝ። በእኛ ቋንቋ ዱካ የሰው እግር ያለፈበት ምልክት ነው ብላቸው ሳቁ። “ያው ነው። ሰው የማይረግጠው ሱቅ ምን ሱቅ ነው?”

አሁን የእማማን ነገር ልንገራችሁ። ይህን ጽሁፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። የመብራት ቆጣሪያቸው አስቀድሞ የሚከፈልበት ነው። በየሳምንቱ ረቡዕ ጠዋት ሂሳብ የሚሞላበትን የቆጣሪውን ቁልፍ ይዘው ጋሼ ጋ ይሄዱና 10 ፓውንድ ያስሞላሉ። እንግሊዝኛቸው “ቴን” እና “ታንክ ዩ” ነው፤ ከጋሼ ጋር ግን ግማሽ ሰዓት ይጨዋወታሉ። እንዴት እንደሚግባቡ አትጠይቁኝ።

ባለፈው ክረምት፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ አንድ ረቡዕ ቀሩ። ሐሙስም የሉም። ከሰዓት በኋላ ስራ ላይ እያለሁ ጋሼ ደወሉልኝ። “እማማሽ አልመጣችም። በዚህ ብርድ 10 ፓውንድ እስከ ዛሬ አይቆይም።” የሱቁን በር ቆልፈው ሄዱና የእማማን በር አንኳኩ። እኔ ስደርስ እማማ ጉንፋን ጥሏቸው፣ ቤቱ ጨለማ ውጦት፣ ሁለት ጋቢ ደርበው ነበር። ማሞቂያውም የሚሰራው በዚያው መብራት ነው። ጋሼ ቁልፉን ወስደው 20 ፓውንድ ሞልተው መጡ። ገንዘቡን ልስጥ ብል እምቢ አሉ። “ረቡዕ ራሷ ትከፍለኛለች።” ዱቤ መሆኑ ነው። ለንደን ውስጥ! እማማ ረቡዕ ከፈሉ፤ ድፎ ዳቦ ጨምረውበት።

በስልክ መሙላት የሚቻልበትም አለ፣ አውቃለሁ። ስልኩ ግን ረቡዕ መቅረታችሁን አይቶ በር አያንኳኳም።

እዚህ ሃይ ስትሪት በሚሉት የየሰፈሩ ዋና መንገድ ላይ ስንቱ ሲዘጋ አየን። እኔ ስመጣ ዉልዎርዝስ የሚባለው መደብር ያልነበረበት ሰፈር የለም ነበር። በጃንዋሪ 2009 ከ800 በላይ ቅርንጫፎቹ ተዘግተው አለቁ። በኦገስት 2023 ደግሞ ወደ 400 ሱቅ የነበረው ዊልኮ ከሰረ። የጋሼ ሱቅ አለች። በማርች 2020 ኮቪድ አገሩን ሲዘጋ የእሳቸው ዓይነት ሱቅ ክፍት እንዲሆን ተፈቅዶ ነበርና፣ በሩ ላይ ጠረጴዛ አቁመው በመስኮት ይሸጡ ነበር። የሰፈሩ ሰው መልእክት የሚቀባበለው፣ የትርፍ ቁልፉን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ሁሉም ነገር ርካሽ አይደለም። አምፖል አማዞን ላይ በአንድ ፓውንድ ይቀንሳል። እሁድ ዝግ ነው። ቀለም ብዙ ምርጫ የለም። ደግሞ ጋሼ ወሬ ይወዳሉ፤ ከቸኮላችሁ አታዋጣችሁም።

ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምነውኛል። አድራሻውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እልካለሁ። ስትሄዱ የተበላሸውን እቃ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። ፎቶ ብቻ ካሳያችኋቸው “ፎቶ አይለካም” ብለው ይመልሷችኋል። ረቡዕ ጠዋት ከሄዳችሁ ደግሞ ከባንኮኒው አጠገብ ያለችው በርጩማ የእማማ ናት፣ እንዳትቀመጡባት።