ኮታ ወይስ የማመቻቻ ፈንድ?

አካል ጉዳተኞች በድሬዳዋ ሥራ እንዲያገኙ የትኛው ይቅደም? የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 568/2000 ኮታ፣ ማለትም አሠሪው የግድ ሊቀጥራቸው የሚገባ የአካል ጉዳተኞች ቁጥር፣ የለውም። አካል ጉዳተኛው እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ካመጣ ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ አሠሪውንም የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል።

ኮታ ለቁጥጥር ይመቻል። ጀርመን ውስጥ 20ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ 5 በመቶውን የሥራ ቦታ ከባድ ጉዳት ላለባቸው ካልሰጠ ይከፍላል። ግን ቁጥር ለማሟላት ብቻ የተቀጠረ ሰው ያለ ሥራ ይቀመጣል፤ ይህ ያማል። የድሬዳዋውን የከዚራ ሰፈር ትንንሽ ሱቆችም እንዲህ ያለ ኮታ አይነካቸውም።

ፈንድ ሲሆን መንግሥት የማመቻቻውን ወጪ ይጋራል። በር ላይ ያለ 30 ሴንቲ ሜትር ደረጃ በ1 ለ12 ተዳፋት (ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት) 3 ሜትር ከ60 ራምፕ፣ ማለትም ደረጃ የሌለው የዊልቸር መወጣጫ፣ ይፈልጋል። ቦታ ለመቆጠብ በሜትር ተኩል ሲጨርሱት ዊልቸሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ከበሩ ፊት ጠፍጣፋ ቦታ ካልተተወም ሰውየው በሩን ሲስብ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል። የድሬ ፀሐይ የብረት መደገፊያውን እንደ ምጣድ ስለሚያግለው ጥላ ያስፈልገዋል። ለዓይነ ስውር ጸሐፊ ደግሞ ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን አንባቢ፣ በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ በነፃ ይገኛል፤ ወጪው የጆሮ ማዳመጫና ሥልጠና ነው።

ለድሬዳዋ ፈንዱ ይቅደም፤ ገንዘቡም ራምፑ በሜትር ተለክቶ ከታየ በኋላ ይለቀቅ። ኮታው ለትልልቅ ፋብሪካዎች ቀጥሎ ይምጣ።